መስመሩ ሲጠፋ

በላንቴ የሙዝ እርሻዎች አካባቢ ትኩሳት የያዘው ሰው ጤና ተቋም ሲደርስ ጣቱ ይወጋል፤ አንዲት ጠብታ ደም በትንሽ ነጭ ፕላስቲክ ላይ ታርፋለች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ከመቆጣጠሪያው መስመር ሌላ ተጨማሪ መስመር ከወጣ ወባ ነው። መስመሩን የሚያወጣው አንቲቦዲ የሚባል የመከላከያ ፕሮቲን ነው። አንዱ ከወረቀቱ ተጣብቆ ይጠብቃል፣ ሌላው ቀለም ተሸክሞ ይመጣል፤ የወባ ተሕዋሲው ፕሮቲን በሁለቱ መካከል ይያዛል።

ሃሎፔሪዶልን ግን እንዲህ መያዝ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1958 በቤልጅየማዊው ፖል ያንሰን ቤተ ሙከራ የተገኘው ይህ የስኪዞፍሬንያ መድኃኒት እጅግ ትንሽ ነው፤ አንድ አንቲቦዲ 400 እጥፍ ያህል ይከብደዋል። ሁለት አንቲቦዲ በአንዴ የሚጨብጠው ገላ የለውም። ለብቻው አይጥ ላይ ቢወጋ እንኳ የአይጧ መከላከያ ከቁብ አይቆጥረውም።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ያዝሉታል። ከከብት ደም በሚገኝ አልቡሚን በሚባል ትልቅ ፕሮቲን ላይ በኬሚካል አጣብቀው ለእንስሳዋ ይሰጧታል። ጥበቡ ያለው አስተዛዘሉ ላይ ነው። በጨንቻ ብርድ እናቱ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ሕፃን ፊቱ እንደማይታይ ሁሉ፣ ሞለኪውሉም የተጣበቀበትን ጎን አንቲቦዲው በደንብ አያውቀውም። ጉበት የሚለውጠው ያንኑ ጎን ከሆነ፣ አንቲቦዲው መድኃኒቱንና የጉበቱን ትርፍራፊ አንድ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል።

ከዚያ የአይጧ የጣፊያ ሕዋስ ከካንሰር ሕዋስ ጋር ይዋሐዳል፤ ያለማቋረጥ እየተባዛ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ያመርታል። ተመራማሪዎቹ ኮለርና ሚልስታይን ይህን እ.ኤ.አ. በ1975 አሳይተው በ1984 ኖቤል ተሸልመውበታል።

አንቲቦዲው መመርመሪያ ወረቀት ላይ ሲውል የንባቡ ነገር ነው የሚገርመኝ። ጥቂት መድኃኒት አስቀድሞ ወረቀቱ ላይ ይቀመጣል፤ በናሙናው ውስጥ ያለው ደግሞ አንቲቦዲውን ይሻማዋል። ናሙናው መድኃኒት ከሌለው መስመሩ ደምቆ ይወጣል፤ መድኃኒቱ በበዛ ቁጥር ይደበዝዛል፣ ይጠፋል። ወባን በመስመር መውጣት ማንበብ የለመደ ዓይን እዚህ ተገልብጦ ማንበብ አለበት።

አንቲቦዲው በትንንሽ ብልቃጥ ተከፋፍሎ በብርድ ይቀመጣል፤ ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ያበላሸዋል። «ለምርምር ብቻ» የሚል ጽሑፍ ካለበት ደግሞ የታማሚ መጠን አይወሰንበትም።