በሰሌዳ የተጻፈው የፈረስ ጉልበትና የጅቡቲ መንገድ

ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ካሚዮን ጉዞውን የሚጀምረው ከባሕር ወለል ነው። ወሩ ሐምሌ ከሆነ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። አዋሽ ሲደርስ ወደ 1,000 ሜትር፥ አዳማ ሲደርስ ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ብሏል፤ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። የዚህ መንገድ ልዩ ጠባይ ሸክሙ ሽቅብ መሄዱ ነው፤ ኢትዮጵያ ከምትልከው ይልቅ የምታስገባው ዕቃ እጅግ የበዛ ስለ ሆነ ካሚዮኑ ዳገቱን ሙሉ ሆኖ ይወጣል፤ ቁልቁለቱን ግን ብዙ ጊዜ ባዶውን ይመለሳል።

እንግዲህ ነጋዴው ካሚዮን ሲገዛ የሚያነበው የፈረስ ጉልበት በምን ዓይነት አየር የተለካ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል።

ሞተር የሚፈተነው መንገድ ሳይወጣ፥ በአንድ ክፍል ውስጥ ዲናሞሜትር ከተባለ መሣሪያ ጋራ ተጋጥሞ ነው። መሣሪያው የሞተሩን ዘንግ እየያዘ ይታገለዋል፤ ዘንጉ የሚጠመዝዝበት ኃይልና የዙሩ ፍጥነት ተባዝተው ጉልበቱ ይታወቃል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ጋስፓር ደ ፕሮኒ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1821 ዓ.ም. ይህን በሰበቃ ፍሬን ለካ፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ በ1877 ዓ.ም. በፍሬኑ ፈንታ ውኃን ተጠቀመ። ዛሬ ትግሉን የሚያዝዘው ኮምፒዩተር ስለ ሆነ፥ የአንድን መንገድ ዳገትና ቁልቁለት በሙሉ ሞተሩ ከቆመበት ሳይነቃነቅ መድገም ይቻላል። ክፍሉን ማሞቅ፥ አየሩንም ማሳሳት ይቻላል። ካምቢዮና ዲፈረንሻልም እንዲሁ ይፈተናሉ፤ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር በሞተሩ ፈንታ ይገፋል፥ ሌላው እንደ ጎማ ሆኖ ይከብዳል።

ነገር ግን በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ይህን ሁሉ አያሳይም። አይ.ኤስ.ኦ. 1585 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ጉልበቱ በ25 ዲግሪ ሙቀትና በባሕር ወለል አጠገብ በሚገኝ የአየር ግፊት ልክ እንዲሰላ ያዝዛል። 25 ዲግሪ ለጅቡቲ የጥር ሌሊት ነው! የባሕር ወለል ግፊትም አዲስ አበባ ላይ የለም።

በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕሩ ዳር አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚሁ ግድም ይቀንሳል፤ ቱርቦ ያለው ግን አብዛኛውን ያካክሳል። የሚያሠጋው ማቀዝቀዣው ነው። ስስ አየር ከራዲያተሩ የሚወስደው ሙቀት ጥቂት ነው፤ ዳገት ላይም ካሚዮኑ ስለሚያዘግም የፊት ነፋሱ ይደክማል፥ የካምቢዮው ዘይትም እየጋለ ይቀጥናል።

በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ነዳጅ ስለማያቃጥል ስስ አየር ጉልበቱን አይቀንስበትም። ሆኖም ስለ ኤሌክትሪክ ሞተሮች በጠቅላላው የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ ከ40 ዲግሪ ያልበለጠ ሙቀትንና ከ1,000 ሜትር ያልበለጠ ከፍታን መሠረት ያደረገ ነው፤ ከዚያ ለሚያልፈው የተለየ ስሌት ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለ ከለከለች ጉዳዩ አሁን የአውቶሞቢል አስመጪውም ሆኗል።

የጨረታ ሰነድ የሚጽፍ ሹም እንደዚሁም ካሚዮን የሚያዝዝ ነጋዴ በሰነዱ ላይ ሁለት መስመር ቢጨምር ወጪው ቀላል ነው፤ ይኸውም ሞተሩና ካምቢዮው በሙሉ ጭነት፥ በ45 ዲግሪ ሙቀትና በ2,500 ሜትር ከፍታ አየር ተፈትነው፥ የማቀዝቀዣው ውኃና የካምቢዮው ዘይት የደረሱበት የሙቀት መጠን በጽሑፍ እንዲቀርብ ነው።