ሚዛን የማይዳኘው ሐምራዊ

ፖታሲየም ፐርማንጋኔት በጠርሙሱ ውስጥ ሳለ ጥቁር የሚመስል፣ ብረት ብረት የሚያብለጨልጭ ደቃቅ ክሪስታል ነው። ሁለት ሦስት ፍሬ ውሃ ውስጥ ጣል ሲያደርጉት ግን ሐምራዊ ክር እየዘረጋ ብርጭቆውን ሁሉ ያቀልመዋል። ኬሚስቶች የሚፈልጉት ግን ከቀለሙ ይልቅ ንጥቂያውን ነው፤ ካገኘው ነገር ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቃል። አሲድ ባለበት እያንዳንዱ የማንጋኒዝ አቶም አምስት ኤሌክትሮን ወስዶ ከ+7 ወደ +2 ይወርዳል፣ ሐምራዊውም አብሮ ይጠፋል። ፈረንሳዊው ማርግሪት እ.ኤ.አ. በ1846 የብረትን መጠን የለካው በዚሁ ጠባዩ ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ልኩ የታወቀ ሙሙት ለማዘጋጀት ሲታሰብ ነው። የ0.02 ሞላር አንድ ሊትር ለማግኘት 3.16 ግራም ይበቃል ይላል ስሌቱ። ነገር ግን እስከ አራተኛው አሥርዮሽ በሚያነብ ሚዛን ቢመዝኑት ትርፉ ድካም ነው። ክሪስታሉ ራሱ ጥቂት ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ አያጣም። ውሃውም ቢጣራ የአቧራና የሕይወታዊ ቁስ ርዝራዥ ይዞ ይመጣል፤ ፐርማንጋኔቱ እነሱን ሲያጠቃ ጉልበቱ ይባክናል፣ ተጨማሪ ቡናማ ዳይኦክሳይድም ይፈጠራል። ይሄ ቡናማ ደግሞ የቀረውን ፐርማንጋኔት መፍረስ ያፋጥናል። ብርሃንም ያግዘዋል።

ስለዚህ 3.2 ግራም ገደማ ይመዘንና ይሟሟል፣ ለአንድ ሰዓት ያህል በቀስታ ይፈላል፣ ቀዝቅዞም ያድራል። ተማሪዎች እዚህ ላይ ያጉረመርማሉ፤ ለአንድ ጠርሙስ ሌሊት ሙሉ መጠበቅ! እኔ ግን የዝግጅቱ ዋና ሥራ ያ ሌሊት ነው ባይ ነኝ። ፐርማንጋኔቱ በውሃው ውስጥ የሚያጠቃውን አጥቅቶ ይጨርሳል፣ ቡናማው ዝቃጭም እንደ ቡና አተላ ከታች ይቀመጣል። ሲነጋ በመስታወት ማጣሪያ ወይም በመስታወት ጥጥ ይጠለላል። የወረቀት ማጣሪያ አይሆንም፤ ወረቀቱንም ያጠቃዋልና ድካሙ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ማደሪያው የመስታወት ክዳን ያለው ቡናማ ጠርሙስ ነው።

አሁንም ትክክለኛ ልኩ አይታወቅም። የሚመሰክርለት ሶዲየም ኦክሳሌት ነው፤ ንጹሕ ሆኖ የሚገኝ፣ ደርቆ ሊመዘን የሚችል ነጭ ዱቄት። ጥንቃቄ የተሞላበት ምዘና የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። 0.2 ግራሙ በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ሟምቶ እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሞቃል፣ ፐርማንጋኔቱም ከቡሬት ጠብ ጠብ ይልበታል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቀለማቸውን ቶሎ አይለቁም፤ ጀማሪው ገና ከመጀመሩ ያለቀ ይመስለዋል። ጥቂት ማንጋኒዝ +2 ከተፈጠረ በኋላ ግን እሱው ራሱ ሂደቱን ስለሚያፋጥነው ጠብታው እንደነካ ይጠፋል። ሌላ ቀለም ጠቋሚ አያሻም፤ ፈዛዛ ሮዝ ለ30 ሴኮንድ ከቆየ አብቅቷል። ሙሙቱ በታሰበው ልክ ከሆነ የሚፈሰው 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ቀለሙ ከመጥቆሩ የተነሣ የቡሬቱ ንባብ የሚወሰደው ከፈሳሹ የላይኛው ጠርዝ ነው።

በሰልፈሪክ ፈንታ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ መጠቀም ውጤቱን ያዛባል፤ ፐርማንጋኔቱ ክሎራይዱን ወደ ክሎሪን ጋዝ ይለውጠዋል። ደረቁ ክሪስታል ላይ ያልቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ማፍሰስ ግን ከመዛባት አልፎ ፍንዳታ ያስከትላል። ግሊሰሪን ቢነካው ደግሞ ከጥቂት ቆይታ በኋላ በራሱ ይነዳል።

የተቀመጠው ሙሙት ዝቃጭ ካሳየ እንደገና ተጠልሎ እንደገና በኦክሳሌት ይመሰከርለታል። ባያሳይም ከሳምንታት በኋላ ልኩን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። በቡሬት ላይ የቀረውን ቡናማ እድፍ አሲድ የተጨመረበት ኦክሳሌት ያስለቅቀዋል።