ውሻን አስከትሎ ከከተማ ለሚወጡ፦ አስቀድሞ ሊታሰብባቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በግቢ ታስሮ የሚውል ውሻ ንጹሕ አየርና ሰፊ ሜዳ ያስፈልገዋል። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ የሚኖር ሰው የዕረፍት ቀኑን ከውሻው ጋር ለማሳለፍ ቢሻ አማራጭ አያጣም። የአቃቂ ወንዝና የአባ ሳሙኤል ግድብ ቅርቡ ናቸው፤ በዱከም በኩል ሲታለፍም የቢሾፍቱ ሐይቆች ይገኛሉ። ራቅ ያለ ጉዞ የሚወድ ደግሞ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ መንዝ ደጋ ያስብ ይሆናል። ይሁን እንጂ ውሻው የሚቦርቅበት ሜዳ የባለቤቱ ብቻ አይደለም። እረኞች፣ ከብቶች፣ ሕፃናትና የዱር እንስሳት ይጋሩታል። ስለዚህ የጉዞው ዝግጅት ከውሻው አልፎ በመንገድ የሚያገኛቸውን ሁሉ ከጉዳት የሚጠብቅ መሆን ይኖርበታል።

ክትባት ይቀድማል

ከስንቅና ከመኪና በፊት ሊታሰብ የሚገባው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመላው ዓለም በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈው በሽታም 99 በመቶ ያህሉ መነሻው የውሻ ንክሻ ነው። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው።

ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው መከተብ፣ ከዚያም በእንስሳት ሐኪም ምክር መሠረት ክትባቱን በየጊዜው ማደስ ይገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ውሻ አካል የመከላከል አቅም እስኪያዳብር ሦስትና አራት ሳምንት ስለሚወስድ፣ በጉዞው ዋዜማ ማስከተብ አይበቃም። የክትባት ማስረጃውንም ይዞ መጓዝ ያስፈልጋል፤ ውሻው ሰው ቢነክስ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

በመንገድና በሜዳ ላይ

ጉዞው በማለዳ ቢሆን ይመረጣል። እኩለ ቀን ላይ የጋለ አስፋልት የውሻን መዳፍ ያቃጥላል፤ የእጅን ጀርባ መሬቱ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች አሳርፎ መታገሥ ካልተቻለ ውሻውም አይችለውም። ውሻን በተዘጋ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድም አደገኛ ነው። የመኪናው ውስጣዊ ሙቀት በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሊጨምር ይችላል፤ ውሻ ደግሞ ሙቀቱን የሚያበርደው በዋናነት በማለክለክ በመሆኑ ፈጥኖ ይጎዳል።

ንጹሕ ውኃና መጠጫ ዕቃ ከቤት መያዝ ይገባል። በተለይ የአቃቂ ወንዝ የከተማዋን ፍሳሽና የፋብሪካ ተረፈ ምርት ተሸክሞ ስለሚወርድ፣ ውሻው እንዲጠጣውም ሆነ እንዲዋኝበት መፍቀድ አይገባም።

ከብት በሚሰማራበት፣ እህል በቆመበትና ሕፃናት በሚጫወቱበት ስፍራ ውሻው በጠንካራ ገመድ መያዝ አለበት። በቤቱ ጨዋ የሆነ ውሻ በግ ሲሮጥ ባየ ጊዜ ማሳደዱ ተፈጥሮው ነው። ያረገዘች በግ ተሯሩጣ ብትጨነግፍ ጉዳቱ የሚያርፈው ከውሻው ጋር ምንም ጉዳይ በሌለው አርሶ አደር ላይ ነው። የመንደር ውሾችም መንጋቸውን ለመጠበቅ እንግዳውን ውሻ ስለሚተናኮሉ፣ መንጋ ሲታይ ራቅ ብሎ ማለፍ ይበጃል። ጅብ ባለበት አካባቢ ደግሞ ጀንበር ሳትጠልቅ መመለስ ግድ ነው።

ውሻው በየሜዳው የወደቀ ሥጋ እንዳይበላ መከላከልም ያስፈልጋል። በታረደ በግ ወይም ከብት ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ዕጢ የትል እጭ ይዟል። ውሻ ይህን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ሣርንና ውኃን በመበከል ወደ ሰውና ወደ ከብት ይተላለፋል። የውሻን ዓይነ ምድር አንሥቶ መቅበር፣ የጸረ ትል መድኃኒትም በወቅቱ መስጠት የሚገባው ለዚህ ነው።

ውሻ የማይወሰድበት ስፍራ

የሰሜን ተራሮች፣ የመንዝ ጓሳ፣ የቦረና ሳይንትና የባሌ ተራሮች ደጋዎች ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኘው የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ናቸው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ቁጥር ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል። ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድነው ለብቻው ቢሆንም የሚኖረው በቤተሰብ ነው። አንዱ በእብድ ውሻ በሽታ ከተያዘ ቤተሰቡ በሙሉ ለአደጋ ይጋለጣል። በ1996 ዓ.ም በባሌ ተራሮች፣ በወይብ ሸለቆ ከውሾች የተዛመተው በሽታ በዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛውን ያህል ፈጅቷል። የውሻ ተስቦ የሚባለው ሌላ በሽታም በተለያዩ ጊዜያት ጉዳት አድርሷል። ከውሾች ጋር በመዳቀል ዘራቸው መበረዙም ሌላው ስጋት ነው።

በመሆኑም ወደ እነዚህ ስፍራዎች የሚሄድ ጎብኚ ውሻውን፣ የተከተበ ቢሆን እንኳ፣ በአደራ ትቶ ሊሄድ ይገባል። በደጋው ዙሪያ የሚኖሩ አርሶ አደሮች ደግሞ ውሾቻቸውን በማስከተብና ከብት ተከትለው ወደ ግጦሽ እንዳይወጡ በማሰር ቀይ ቀበሮውን ብቻ ሳይሆን ልጆቻቸውንና ከብቶቻቸውንም ይታደጋሉ፤ በሽታው ከብትንም ይገድላልና።

ንክሻ ቢያጋጥም

በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ሳይዘገይ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ወዲያውኑም ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ቅጠል መለጠፍም ሆነ ሌላ ባሕላዊ መድኃኒት መሞከር ውድ ጊዜ ያባክናል። ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በመሆኑ፣ ቁስሉ ሲደርቅ የዳኑ የሚመስላቸውና ክትባቱን የሚያቋርጡ አሉ። የነከሰው ውሻ ከታወቀ ሳይገደል ታስሮ ለ10 ቀናት በሐኪም ክትትል ሊደረግበት ይገባል። በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ወቅት በሽታውን እንዳላስተላለፈ ይታወቃል።

ከጉዞ መልስ የውሻውን ጆሮ፣ ብብትና የጣቶቹን መካከል በመፈተሽ መዥገር ካለ ማንሣት፣ መዳፉንም ማጠብ ያስፈልጋል። የምግብ ፍላጎቱ ከቀነሰ፣ ካስመለሰው ወይም ጠባዩ ከተለወጠ ከሰው ለይቶ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይገባል። አበው ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ለክትባትና ለገመድ የሚወጣው ወጪ ከአንድ ንክሻ መዘዝ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው።