የጨቅላው ሽንት ምን ይመሰክራል?

አንዲት እናት ወልዳ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ የልጇ ሽንት «ፖዘቲቭ» ሆነ ተብሎ ስሟ ለሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ተላለፈ የሚል ዜና ከአሜሪካ በየጊዜው ይሰማል። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ሁለት ነገሮች እንደ ተረጋገጡ ተደርገው ይነገራሉ፤ እናቲቱ አደንዛዥ ዕፅ ወስዳለች፣ ምርመራውም አይሳሳትም። ሁለተኛው ሐሰት ነው። የመጀመሪያውም የቆመው በሁለተኛው ላይ ነው።

ስለ ናሙናዎቹ ዓይነት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሽንት የሚያሳየው ያለፉትን ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ሐኪሞች ሜኮኒየም የሚሉት የጨቅላው የመጀመሪያ ሰገራ ግን በእርግዝናው 12ኛ ሳምንት ገደማ መጠራቀም ስለሚጀምር፣ በተለይ የመጨረሻዎቹን ወራት ታሪክ ይይዛል። እትብትም ይመረመራል። ከናሙናው ይልቅ ነገር የሚያበላሸው የሚነበብበት መንገድ ነው።

ብዙ ሆስፒታሎች በቅድሚያ የሚጠቀሙት ኢሚዩኖአሴይ የተባለውን ፈጣንና ርካሽ ዘዴ ነው። ሥራውን የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንድን ሞለኪውል ለይቶ እንዲይዝ የተዘጋጀ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ሞለኪውሉን በሙሉ አያየውም፤ የሚጨብጠው የቅርጹን አንድ ገጽታ ብቻ ነው። ጋቢ የደረበን ሰው ከኋላው አይቶ በወዳጁ ስም እንደሚጣራ መንገደኛ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል፣ አንዳንዴ ግን ዞር የሚለው ሌላ ሰው ይሆናል።

አምፌታሚንን እንውሰድ። ስድስት የካርቦን አቶሞች የሠሩት ቀለበት አለው፤ ከቀለበቱ አጭር ሰንሰለት ይወጣል፤ በሰንሰለቱ ላይ ናይትሮጅን ተቀምጧል። ኤፌድሪንም ይኸው አጽም አለው። ኤፌድሪን ደግሞ በቀዶ ሕክምና ለምትወልድ እናት ወገቧ ላይ ማደንዘዣ ተወግታ የደም ግፊቷ ሲወርድ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። የላቤታሎል ነገር ከዚህም ይብሳል። የደም ግፊት ላለባቸው ነፍሰ ጡሮች ራሱ ሐኪሙ የሚያዘው መድኃኒት ሲሆን፣ ሰውነት ሲሰባብረው ከሚወጡት ቁርጥራጮች አንዱ አምፌታሚንን ይመስላል። ግፊቷን ለመቆጣጠር የታዘዘላትን ኪኒን በሥርዓቱ የወሰደች እናት በዚህ ምክንያት ተጠርጣሪ ልትሆን ትችላለች።

ጥፋቱ ከመድኃኒትም ላይመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ጨቅላዎች ታጥበውባቸው የነበሩ አንዳንድ የሕፃናት ሳሙናዎች ሽንት ውስጥ በጥቂቱ ሲገቡ ምርመራው የማሪዋና «ፖዘቲቭ» ያሳይ ነበር። ሳሙናዎቹ ውስጥ ማሪዋና አልነበረም።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔ አለ። ማስ ስፔክትሮሜትሪ የተባለው የማረጋገጫ ምርመራ ሞለኪውሉን ከሌሎቹ ከለየ በኋላ ይሰባብረውና የስብርባሪዎቹን ክብደት ይለካል። መልክ አያታልለውም። ሆኖም ውድ ነው፣ ውጤቱም ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ የቢሮው ስልክ ደግሞ ቀናት አይጠብቅም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ማረጋገጫው ሞለኪውሉ ምን እንደሆነ እንጂ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ለምጥ ሕመም በወገብ በኩል የተሰጠ ፈንታኒል ወደ ጽንሱ ይሻገራል፤ ኋላ በጨቅላው ሽንት ውስጥ ሲገኝ እውነተኛ ፈንታኒል ነው። ዳቦ ላይ የሚነሰነስ የፖፒ ፍሬም እውነተኛ ሞርፊን ሊኖረው ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት ለሠራተኞች ምርመራ «ፖዘቲቭ» የሚያስብለውን የሞርፊን መነሻ መጠን በ1998 ከ300 ወደ 2,000 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከፍ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው፤ በ300 የቀጠሉ ሆስፒታሎች ግን አሉ። ሜኮኒየምና እትብትም ሁልጊዜ አይስማሙም፤ በአንዱ የተገኘው በሌላው ሊታጣ ይችላል።

ይህ ማለት ምርመራው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እናቱ ሄሮይን የወሰደች ሕፃን ከተወለደ በኋላ ሊንቀጠቀጥ፣ ያለማቋረጥ ሊያለቅስ፣ መጥባት ሊያቅተው ይችላል፤ ሐኪሙ ምክንያቱን ማወቅ አለበት። ለማከም መመርመርና ለመክሰስ መመርመር ግን የተለያዩ ናቸው።

ሁለቱ ሲደባለቁ የሚሆነውን ካናዳ አይታዋለች። በቶሮንቶ የሕፃናት ሆስፒታል የነበረው ማዘሪስክ የተባለ ላቦራቶሪ የወላጆችንና የሕፃናትን ፀጉር እየመረመረ ለሕፃናት ጥበቃ ጉዳዮች ማስረጃ ይሰጥ ነበር። ለዓመታት የኢሚዩኖአሴይን ቅድመ ውጤት እንደ መጨረሻ ቃል አድርጎ አቅርቧል። በ2015 ዳኛ ሱዛን ላንግ የመሩት ግምገማ ምርመራው ለፍርድ የማይበቃና የማይታመን ነበር ሲል ደመደመ። ቀጥሎ የተቋቋመው ኮሚሽን 1,271 ጉዳዮችን መርምሮ በ56ቱ የፀጉር ምርመራው በውሳኔው ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ እንደነበረው በ2018 አሳወቀ። ከእነዚህ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ልጆቻቸውን መልሰው አላገኙም።

ማን እንደሚጠቆምም ሌላ ጉዳይ ነው። በፍሎሪዳ ፒኔላስ አውራጃ ተሠርቶ በ1990 የታተመ ጥናት፣ ዕፅ የተገኘባቸው ነጭና ጥቁር ነፍሰ ጡሮች ድርሻ ተቀራራቢ መሆኑን፣ 15.4 እና 14.1 በመቶ መሆኑን፣ ጥቁሮቹ ለባለሥልጣን የመጠቆም ዕድላቸው ግን ከነጮቹ 10 እጥፍ ያህል እንደነበረ አሳይቷል።

በአሜሪካ የምትወልድ አንባቢም ሆነች ዘመዷን የምታስወልድ ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ ምርመራው በማን ፈቃድ ተደረገ? በማስ ስፔክትሮሜትሪ ተረጋግጧል? በምጥ ጊዜ የተሰጡት መድኃኒቶች ዝርዝር ከውጤቱ ጋር ተያይዟል? ዜና ጻፊዎችም የማረጋገጫው ውጤት እስኪመጣ የእናቲቱን ስም አያውጡ።