ነዳጅ በል ባክቴሪያ ነዳጅ ብቻ አይበቃውም

ይባላል፦ ነዳጅ የሚበላ ባክቴሪያ እስካለ ድረስ ባሕሩ ራሱን ያጸዳል።

በዪውስ አለ። በሰሜን ባሕር፣ በጀርመኗ ቦርኩም ደሴት አካባቢ የተገኘው አልካኒቮራክስ ቦርኩሜንሲስ ኑሮው በአብዛኛው በነዳጅ ሃይድሮካርቦን ላይ የተመሠረተ ነው። ችግሩ ያለው ማዕዱ ላይ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ በካርቦንና በሃይድሮጅን የተሞላ ነው፤ ናይትሮጅኑ ግን ጥቂት፣ ፎስፎረሱም ከቁጥር የማይገባ ነው። ያለ ናይትሮጅን ፕሮቲን፣ ያለ ፎስፎረስ ደግሞ ዲኤንኤ አይሠራም። ባክቴሪያው ድንጋይ ተከምሮለት ጭቃ እንዳጣ ግንበኛ ነው። የጎደለውን ከባሕሩ ውሃ መልቀም አለበት፤ ውሃውም ብዙ ጊዜ በእነዚሁ ንጥረ ነገሮች ድሃ ነው።

ይባላል፦ ወሳኙ ነዳጁን የሚሰባብረው ጂን ነው።

ይህን እምነት ያስፋፉት አንባቢዎች ብቻ አይደሉም፤ የጥናቱም ትኩረት ለረጅም ጊዜ ሰባሪ ኢንዛይሞች ላይ ነበር። በ2006 የአልካኒቮራክስ ሙሉ ጂኖም ሲታተም ግን ከሰባሪዎቹ ጎን ንጥረ ነገር የሚያስገቡ በርካታ የማጓጓዣ ጂኖች ታዩ። ከእነዚህ ጂኖች የሚሠሩት ፕሮቲኖች በሴሉ ሽፋን ላይ ተሰክተው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የያዙ ውህዶችን እየመረጡ ያስገባሉ።

አሠራሩ በደንብ የተጠናው ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ነው። ፎስፌት ሲትረፈረፍ ብዙም የማይመርጠው ፒት የተባለው ማስገቢያ ይበቃል። ሲጎድል ፎ-አር የተባለው ፕሮቲን እጥረቱ እንዳለ ለፎ-ቢ ያስተላልፋል፤ ፎ-ቢም ፒኤስቲ የተባለውን ሌላ ማስገቢያ የሚሠሩትን ጂኖች ያስነሳል። ፒኤስቲ እጅግ የሳሳን ፎስፌት እንኳ ይይዛል፤ ሥራው ግን ኃይል ይፈጃል። እንዲህ ያለ ማስገቢያ የሌለው ነዳጅ ሰባሪ ባክቴሪያ፣ ነዳጅ ላይ ተቀምጦ ይራባል ብል አላጋነንኩም።

ይባላል፦ መድኃኒቱ ላቦራቶሪ የፈጠረው ልዩ ባክቴሪያ ነው።

ዝናው የመጣው ከተመራማሪው አናንዳ ቻክራባርቲ ነው። ነዳጅ እንዲሰብር ላዘጋጀው ባክቴሪያ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1980፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ የፈጠራ መብት ሊሰጥ እንደሚችል ወሰነ። ባክቴሪያው ግን ለባሕር ጽዳት አልዋለም። በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ 40 ሚሊዮን ሊትር ያህል ድፍድፍ ስታፈስ፣ በዳርቻው በስፋት የተረጨው ማዳበሪያ ነበር። ተራ ማዳበሪያ በማዕበል ስለሚታጠብ ነዳጁ ላይ የሚጣበቅ ፈሳሽና ቀስ እያለ የሚሟሟ እንክብል ተመረጠ። ሥራውን የሠሩት እዚያው የነበሩት ባክቴሪያዎች ናቸው።

ይባላል፦ እንግዲያው ማዳበሪያ መጨመር ነው።

በልክ ከሆነ። ሲበዛ አልጌ ያፈላል። የአስፋልትን ባሕርይ የያዙት ከባድ ክፍሎችም ለማንም በዪ በቀላሉ አይሰበሩም። በአላስካ ዳርቻ በ2001 ጉድጓድ ሲቆፈር ከጠጠሩ ስር ነዳጅ ተገኝቷል፤ እዚያ ውሃው በደንብ ስለማይዘዋወር ኦክስጅንም ንጥረ ነገርም በበቂ አይደርስም፣ የማጓጓዣ ጂን ቢኖርም የሚያስገባው ነገር ያጣል።