አንድ አስቤዛ፣ ሁለት ካርድ፦ ሒሳብን ከፋፍሎ መክፈል እንዴት ነው?

ሱቅ ገብታችሁ የወሩን አስቤዛ ሰበሰባችሁ። ባለሱቁ ደምሮ ሲነግራችሁ በያዛችሁት ካርድ ላይ ያለው ገንዘብ አልበቃም። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ይገላምጣል፣ ልጅ ያለቅሳል። በዚህ ሰዓት አንዳንዱ ዘይቱን ወይም ስኳሩን መልሶ ይወጣል። ሌላው ደግሞ «በቃ ካርዱ እዚሁ ይቀመጥ፣ ቀሪውን በሚቀጥለው ወር ቁረጥ» ብሎ ካርዱንና የሚስጥር ቁጥሩን ለባለሱቁ ትቶ ይሄዳል። ይሄኛው መንገድ ስንቱን ቤተሰብ ዕዳ ውስጥ እንደከተተ ካምፕ የኖረ ሰው ያውቀዋል።

ሦስተኛ መንገድ አለ። የአንዱን ዕቃ ሒሳብ በሁለት ወይም በሦስት መክፈያ ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ እዚህም እዚያም ያለችውን ትንሽ ትንሽ ገንዘብ አንድ ላይ ማሠራት ማለት ነው። ከባድ ነገር አይደለም፤ ግን ቅደም ተከተል አለው።

ገንዘባችን ለምን ተበታተነ?

የካኩማ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲቋቋም እርዳታው በዓይነት ነበር። ሰው ተሰልፎ እህልና ዘይት ተሰፍሮለት ይመለስ ነበር። በ2015 የዓለም ምግብ ፕሮግራም «ባምባ ቻኩላ» የሚባለውን አሠራር በካኩማ ጀመረ። ትርጉሙ «ምግብህን ያዝ» እንደማለት ነው። ገንዘቡ በሲም ካርድ ይገባል፣ ውል በገቡ ሱቆች ምግብ ብቻ ይገዛበታል፤ ጥሬ ገንዘብ ሆኖ አይወጣም። በካሎቤዬይ ደግሞ ቆየት ብሎ ሰው እንደፈለገው የሚያወጣው ገንዘብ በባንክ በኩል መሰጠት ተጀመረ። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 ኬንያ ውስጥ የተጀመረው ኤም-ፔሳ አለ፤ ዘመድ የሚልከውም፣ የቀን ሥራ የሚከፈለውም ብዙ ጊዜ በእሱ ነው።

ስለዚህ የአንድ ቤት ገንዘብ በአንድ ኪስ አይገኝም። ጥቂቱ ለምግብ ብቻ በሚሠራ ሲም፣ ጥቂቱ በባንክ ካርድ፣ ጥቂቱ በኤም-ፔሳ፣ ጥቂቱ በእጅ ነው። ሁሉም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ችግሩ የሚመጣው ሁሉንም እንደ አንድ ገንዘብ ስናያቸው ነው።

ማሽኑ የሚያውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው

አንድ ነገር ከገባችሁ ሌላው ቀላል ነው። የካርድ ማሽን ዘንቢላችሁ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። የሚያውቀው ባለሱቁ የጻፈበትን ቁጥር ብቻ ነው። ባለሱቁ 1,300 ብሎ ከጻፈና ካርዱ ላይ 900 ካለ፣ ማሽኑ ብዙውን ጊዜ 900ውን ወስዶ «400 ጨምሩ» አይልም። ጠቅላላውን እምቢ ይላል። ሰው ግን «ካርዴ ተበላሸ» ብሎ ይደነግጣል። ካርዱ አልተበላሸም፤ የተጻፈበት ቁጥር ነው የበዛው። ባለሱቁ 900 ብሎ ቢጽፍበት ያልፋል፣ 400ውን ደግሞ በሌላ መንገድ ትከፍላላችሁ።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ከቤት ሳትወጡ ወይም ሰልፍ ሳትይዙ በእያንዳንዱ ላይ ስንት እንዳለ እዩ። «አምስት መቶ ገደማ አለኝ» አይሠራም፤ አንድ ሽልንግ ብትጎድል እንኳ ማሽኑ እምቢ ሊል ይችላል። ሁለተኛ፣ ባለሱቁ ቁጥር ከመጻፉ በፊት «ሒሳቡን ከፋፍዬ ነው የምከፍለው፣ በዚህ ይህን ያህል፣ በዚያ ይህን ያህል» ብላችሁ ንገሩት። ከተጀመረ በኋላ መናገር ለእሱም ለእናንተም ጣጣ ነው።

የትኛው ይቅደም?

ደንቡ አጭር ነው። ገደብ የበዛበት ገንዘብ ይቅደም፣ እንደልብ የሚሆነው ይከተል፣ ጥሬ ገንዘብ መጨረሻ ይሁን።

ምክንያቱም ለምግብ ብቻ የሚሠራው ገንዘብ ሳሙና አይገዛም። በእጃችሁ ያለውን ብር ለሩዝ ከፍላችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ሳሙናና ዳይፐር ሲቀር የምግቡ ሲም አያድናችሁም። ጥሬ ገንዘብ መጨረሻ የሚሆነው ደግሞ ከሁሉም በላይ ታዛዥ ስለሆነ ነው። መድኃኒትም ይገዛል፣ ለቦዳ ቦዳም ይከፈላል፣ የጎደለችውን ሃምሳ ሽልንግም ይሞላል።

በቁጥር እንየው። ዋጋው ለምሳሌ ያህል ነው። ምግቡ፦ ሩዝ 850፣ ዱቄት 400፣ ዘይት 700፣ ምስር 450፣ ስኳር 200፤ ድምር 2,600 ሽልንግ። ሌላው፦ ሳሙና 300፣ ዳይፐር 500፤ ድምር 800። ጠቅላላው 3,400 ነው። ያላችሁ ደግሞ በምግቡ ሲም 2,100፣ በባንክ ካርድ 900፣ በእጅ 450።

መጀመሪያ ባለሱቁ ምግቡንና ሌላውን ለየብቻ ይደምር። ከምግቡ ላይ 2,100ውን በሲሙ ክፈሉ፤ 500 ይቀራል። በዚያ ላይ 800 ሲጨመር 1,300 ይሆናል። ባለሱቁ በባንክ ካርዱ 900 ብቻ ይጻፍ፤ 400 ይቀራል። እሱን በጥሬ ገንዘብ። አለቀ፤ 50 ሽልንግም ኪሳችሁ ውስጥ ቀረች። ማንም ዕቃ አልመለሰም፣ ማንም ካርድ አላስያዘም።

በኤም-ፔሳ ስትከፍሉ አንድ ነገር አስተውሉ። ባለሱቁ የመሸጫ ቁጥር፣ ማለትም «ቲል» ካለው በእሱ ክፈሉ፤ ገዢው የመላኪያ አይከፍልም። ወደ ግል ስልኩ ከላካችሁ ግን ከ100 ሽልንግ በላይ ሲሆን የመላኪያ ይቆረጣል። ሁለት ጊዜ ከላካችሁ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል። ስለዚህ ከፋፍሎ መክፈል ጥሩ ነው ሲባል ያለ ምክንያት መቆራረስ ማለት አይደለም። ሁለት መክፈያ ከበቃ ሦስተኛ አትጨምሩ።

ኔትወርክ መሀል ላይ ቢጠፋ

ከፋፍሎ ሲከፈል የሚፈራው ይሄ ነው፤ አንዱ አልፎ ሁለተኛው ላይ ማሽኑ ይቆማል። የሚስጥር ቁጥር ገብቷል፣ ወረቀት አልወጣም። ባለሱቁ «እንደገና እንሞክር» ይላል። ቆይ በሉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ገንዘቡ ተቆርጦ መልእክቱ ብቻ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፤ እንደገና ከሞከራችሁ ሁለት ጊዜ ይቆረጣል።

መጀመሪያ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። ካልተቆረጠ እንደገና መሞከር ይቻላል። ከተቆረጠና ለባለሱቁ ካልደረሰው ሰዓቱን፣ የገንዘቡን መጠንና የሱቁን ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ ባለሱቁም ከማሽኑ የሚወጣውን ወረቀት ይስጣችሁ። ከዚያ ወደ ባንኩ ወይም ወደ ወኪሉ ነው። ቀን ሊወስድ ይችላል፣ ግን ማስረጃ ያለው ሰው ይሰማል። በኤም-ፔሳ በስህተት ወደ ሌላ ሰው ከላካችሁ የደረሳችሁን መልእክት ሳትቆዩ ወደ 456 አስተላልፉት። ተቀባዩ ገንዘቡን ካወጣው በኋላ ማስመለስ ይከብዳል።

ደረሰኝ ስንት ነው? መልስስ?

በሁለት መንገድ ከከፈላችሁ ሁለት ማስረጃ ሊኖራችሁ ይገባል። ወረቀትም ሆነ የስልክ መልእክት፣ አትሰርዙት። ቁጥሮቹ ተደምረው ከጠቅላላው ጋር መግጠማቸውን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። 2,100 እና 900 እና 400 ሲደመር 3,400 መምጣት አለበት። ሱቁን ለቃችሁ ከወጣችሁ በኋላ መከራከር ከባድ ነው።

ዕቃው ተበላሽቶ ብትመልሱ ገንዘቡ በመጣበት መንገድ መመለሱ ነው ትክክሉ። በካርድ የተከፈለው ወደ ካርዱ፣ በኤም-ፔሳ የተከፈለው ወደ ኤም-ፔሳ። ስለዚህ ባዶ ሆነ ብላችሁ ካርዱን አትጣሉ።

የሚስጥር ቁጥር የቤት ቁልፍ ነው

ብዙ ካርድ ባለበት ስህተቱም ይበዛል። ለሁሉም አንድ ቁጥር አታድርጉ፤ ካርዱ ጀርባ ላይም አትጻፉት። ዓይናቸው የደከመ እናትና አባቶቻችን ልጃቸውን ወይም የሚያምኑትን ሰው ይዘው ይሂዱ እንጂ ቁጥራቸውን ለሱቅ ሠራተኛ በቃል አይንገሩ።

ካርድ ማስያዝን በተመለከተ፣ ዱቤ በራሱ ኃጢአት አይደለም። እርዳታ በዘገየበት ወር ስንት ቤት በባለሱቅ ደግነት ነው የበላው። ግን ዱቤውን በደብተር ያዙ፤ ለእናንተም ለእሱም አንድ አንድ ቅጂ ይኑር። ካርዱና ሚስጥሩ ሰው እጅ ከገባ በየወሩ ስንት እንደተቆረጠ፣ ዕዳው መቼ እንዳለቀ የሚያውቀው እሱ ብቻ ይሆናል። ካርዳችሁን አልመልስም ያለ ካለ የእርዳታ ድርጅቱ የቅሬታ ጠረጴዛ ጋ ሄዳችሁ ተናገሩ፤ መብታችሁ ነው።

ለባለሱቅ ወገኖቻችንም አንድ ቃል

ካኩማ ውስጥ ከሱቆቹ ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው። ሒሳብ ከፋፍሎ መቀበል ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ደንበኛው ግን ዕቃ ሳይመልስ፣ አንገቱን ሳይደፋ ይወጣል። ምግቡንና ሌላውን ለይታችሁ ደምሩ፣ ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ ንገሩት፣ ማሽኑን ወደ እሱ አዙሩለት። እንዲህ ያለ ባለሱቅ ጋ ሰው ተመልሶ ይመጣል።

በመጨረሻም፣ ነገ ወደ ሌላ አገር የምትሄዱም ይህንኑ ትጠቀሙበታላችሁ። ትልልቅ ሱቆች ውስጥ የስጦታ ካርድና የባንክ ካርድ አንድ ላይ መጠቀም የተለመደ ነው፤ እዚያም የስጦታው ይቀድማል፣ የባንኩ ይከተላል። በኢንተርኔት ሲገዛ ግን ብዙዎቹ ሱቆች ሁለት የባንክ ካርድ አይቀበሉም፤ ገንዘቡን አስቀድማችሁ ወደ አንዱ ሰብስቡ።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ሲሙንም፣ ካርዱንም፣ ኤም-ፔሳውንም ፈትሻችሁ በየትኛው ላይ ስንት እንዳለ በወረቀት ጻፉ። ነገ ሱቅ ስትሄዱ እሷን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።