ፊት ሲሸፈን ምን ይቀራል? ቪቱበሮችና ራስን መቀበል

ቪቱበር የሚባለው በቀጥታ ስርጭት ላይ በራሱ ፊት ፋንታ እንቅስቃሴውን የሚከተል የአኒሜሽን ገጸ ባሕርይ የሚያሳይ ሰው ነው። ስያሜው የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ብቅ ካለችው ከኪዙና አይ ወዲህ ነው። ብዙዎች «ማንነት መደበቂያ» ይሉታል። አሠራሩን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ግን የሚደበቀው ከሚታሰበው ያነሰ ነው።

ለምሳሌ የአፕል ኤአርኪት ፊትን በ52 መለኪያዎች ይገልጻል፦ ቅንድብ ምን ያህል ተነሣ፣ መንጋጋ ምን ያህል ተከፈተ፣ የከንፈር ጥግ ምን ያህል ተሳበ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ነው፤ ሞዴሉ ቁጥሮቹን ተቀብሎ ይንቀሳቀሳል። የቆዳ ቀለም፣ ጠባሳ፣ ክብደት፣ ዕድሜ እዚያ ውስጥ የሉም። ፈገግታና ማመንታት ግን አሉ። ድምፅማ ካልለወጡት በቀር እንዳለ ያልፋል። ስለዚህ ተመልካቹን ያሳቀው ቀልድ የሥዕሉ አይደለም፤ ጃፓኖች «ናካ ኖ ሂቶ» የሚሉት፣ የውስጡ ሰው ነው።

አይረንማውስን እንውሰድ። ትውልዷ ፖርቶ ሪኮ ነው፤ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም በሚያዳክም ሕመም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ከቤት አትወጣም። ተመልካች የሚያያት ቀንድ ባላት፣ ፀጉሯ ሮዝ በሆነ ገጸ ባሕርይ ነው። (ቀንዱን አይታችሁ እንዳትሸሹ!) ሕመሟን ግን አልደበቀችም፤ በግልጽ ታወራለታለች፣ ለታማሚዎችም ገንዘብ ታሰባስባለች። በ2023 በጌም አዋርድስ የዓመቱ የይዘት ፈጣሪ ተብላ ተሸልማለች። ሰው መጀመሪያ በሕመሟ ሳይሆን በጨዋታዋ ነው የተዋወቃት፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ቅደም ተከተል ነው።

ኒክ ዪ እና ጄረሚ ቤይለንሰን በ2007 ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በምናባዊ ዓለም ውስጥ የሚያምር መልክ የተሰጣቸው ሰዎች ለማያውቁት ሰው ይበልጥ ቀረቡ፤ ስለ ራሳቸውም የበለጠ አወሩ። ማዶ ያለው ሰው ግን የተሰጣቸውን መልክ አያይም ነበር። ለውጡ የመጣው እነሱ ራሳቸውን ካዩበት ዓይን ነው።

መንገዱ አደጋም አለው። ድምፅንም ጠባይንም ለውጦ የሚተውን ሰው የሚያገኘው ፍቅር ለትወናው ነው፤ ካሜራው ሲጠፋ እጁ ላይ ምንም ላይቀር ይችላል። ኩባንያ ሥር የሚሠሩትም ገጸ ባሕርዩ አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው ነው፤ ውል ሲያልቅ ጥለውት ይሄዳሉ። ለጀማሪ የምመክረው በነፃ በሚገኘው ቪሮይድ ስቱዲዮ የራሱን ሞዴል እንዲሠራ ነው።

ውጭ አገር አድጎ በአማርኛው ለሚያፍር ልጅ ጭምብሉ ቅላጼውን አይሸፍንለትም። ጥሩ ነው እላለሁ፤ የሚለመደው እሱው ነውና። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፦ ቪአርኤም የተባለው የሞዴል ፎርማት ለንግግር ያዘጋጀው አምስት የአፍ ቅርጽ ብቻ ነው፣ በጃፓንኛ አናባቢዎች ልክ። የእኛ ሰባት ናቸው። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ቦታ ያገኛሉ፤ ግዕዝና ሳድስ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። አፉ በድምፅ ብቻ የሚመራ ከሆነ «ልብ» ስትሉ ከአምስቱ ወደ አንዱ ይሳባል። በካሜራ የሚመራ ከሆነ ችግሩ ይቀላል፣ የራሳችሁን ከንፈር ይከተላልና። ካሜራ ለሌለው ግን ቅርጾቹን በከፊል መጠን ማደባለቅ ይቻላል፤ ለሳድስ ሣልስን በ0.3 አካባቢ፣ ለግዕዝ ራብዕን በግማሽ አድርጋችሁ ጀምሩና በዓይናችሁ አስተካክሉት።